ትራቨርታይን፦ «የምንጭ ኖራ» ወይስ «የፍል ውሃ ድንጋይ»?

ከአርሲ ነገሌ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ እጅ የማያስነካ ፍል ውሃ በሻላ ሐይቅ ዳርቻ ይመነጫል። ውሃው እንፋሎቱን እየለቀቀ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ በመንገዱ ግን የቱርኩን ፓሙካሌ የመሰለ፣ ገንዳ ከገንዳ በላይ የተደረደረበት ነጭ የድንጋይ ደረጃ አልሠራም። የፓሙካሌ ውሃ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከሻላው ጋር ሲተያይ ለብ ያለ ነው። ለብ ያለው ውሃ ኮረብታ የሚያህል ድንጋይ ሲገነባ የሚፈላው ባዶ እጁን የሚቀርበት ምክንያት፣ ትራቨርታይን የሚባለውን ድንጋይ በአማርኛ ስንሰይም ከየት መነሳት እንዳለብን ያሳያል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የቲቡር ድንጋይ» ማለት ነው። ቲቡር ዛሬ ቲቮሊ የምትባለው፣ በሮም አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ የሮም ኮሎሲየም የተገነባውም በአብዛኛው ከዚያ በወጣው ድንጋይ ነው። ስሙ እንግዲህ የት እንደተገኘ ይነግረናል እንጂ እንዴት እንደተሠራ አይነግረንም። በአማርኛ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው «የፍል ውሃ ድንጋይ» ነው። እኔ ግን «የምንጭ ኖራ» እንድንለው፣ ደረጃ የሠራውንም «የምንጭ ኖራ እርከን» እንድንለው እሟገታለሁ።

ድንጋዩን የሚሠራው ሙቀት ሳይሆን የሚያመልጥ ጋዝ ነው። ዝናብ ወደ አፈር ሲሰርግ ከሥርና ከሚበሰብስ ቅጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፤ እሳተ ገሞራ ባለበት አገር ደግሞ ጋዙ ከጥልቅ ምድርም ይመጣል። ጋዝ የተሸከመ ውሃ ደካማ አሲድ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ሲያገኝ ያሟሟዋል፣ ካልሲየሙንም ለዓይን ሳይታይ ይዞት ይሄዳል። ምድር ውስጥ ግፊት ስላለ ጋዙ አያመልጥም። ውሃው ብቅ ሲል የሚሆነውን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። ጋዙ ሲወጣ ውሃው ኖራውን የመሸከም አቅሙን ያጣል፤ ኖራውም ካልሳይት የተባለ ማዕድን ሆኖ ይጋገራል። እርከኑ የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቃል። ውሃ ትንሽ ጉብታ ሲያጋጥመው ሳስቶና ፈጥኖ ይሻገራታል፤ ስስና ፈጣን ውሃ ጋዙን ቶሎ ስለሚለቅ ድንጋዩን በብዛት የሚጥለው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ከፍ ሲል ከኋላው ውሃ ይታቆራል፤ ሞልቶም እንደገና በጠርዙ ላይ ይፈሳል፣ ጠርዙን እንደገና ከፍ ያደርገዋል። ገንዳው የገዛ ግድቡን በገዛ ውሃው ይገነባል። የኮንሶ ገበሬ ድንጋይ ደርድሮ አፈርና ውሃ የሚያቆይበትን ሥራ እርከን ካልን፣ ለዚህኛው ሌላ ቃል ፍለጋ መድከም አያሻም።

የአርሲ ነገሌ ዙሪያ ድንጋይ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ሲሊካ የበዛበት ነው። ከዚህ ድንጋይ ውሃው የሚያገኘው ሶዲየም ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው። ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ ከሻላ ጎረቤት ከአብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ተመርቷል፤ ሶዳ አሽ ደግሞ ሶዲየም ካርቦኔት ነው። በእነዚህ ሐይቆች ካርቦኔት ሞልቷል፤ የታጣው ካልሲየም ነው። በአሜሪካው የሎስቶን ፓርክም ነገሩ እንዲሁ ነው፦ አብዛኞቹ ፍል ውሃዎች ሲሊካ ሲጥሉ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ያለው የማሞዝ ምንጭ ብቻውን ታላላቅ ነጭ እርከኖች ሠርቷል። በእኛው ስምጥ ሸለቆም፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ባለው የአቤ ሐይቅ፣ ካልሲየም የያዘ ምንጭ ካርቦኔት ከበዛበት የሐይቅ ውሃ ጋር ተገናኝቶ የኖራ ማማዎች አቁሟል። ካልሲየም ሲገኝ ድንጋዩ ይገኛል።

በሻላ ምንጮች ዳር የሚታየው ነጭ ቅርፊትስ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። አብዛኛው ውሃ ተንኖ የተወው ሶዳና ጨው ነው። ሎሚ ቢጨመቅበት ሶዳውም ኖራውም አረፋ ስለሚያወጡ በዚህ አይለዩም፤ ክረምቱ ግን ይለያቸዋል፤ ሶዳው በዝናብ ይሟሟል፣ ኖራው ይቆያል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሥነ ምድር ባለሙያዎች የሚመጣው ነው። አንዳንዶቹ ትራቨርታይን የሚሉት የሞቀ ምንጭ የሠራውን ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሠራውን፣ ለምሳሌ የክሮኤሺያውን የፕሊትቪሴ ግድቦች፣ ቱፋ ይሉታል። ታዲያ ሙቀቱ በስሙ ውስጥ መግባት የለበትም? ይግባ፤ ግን ቅጽል ሆኖ፦ «የፍል ምንጭ ኖራ» እና «የቀዝቃዛ ምንጭ ኖራ» ብንል ልዩነቱም ዝምድናውም አይጠፋም። «የፍል ውሃ ድንጋይ» ካልን ግን እ.ኤ.አ. በ1886 በታራዌራ እሳተ ገሞራ የጠፉት የኒው ዚላንድ የሲሊካ እርከኖች በአንድ ስም ከኖራው ጋር ይደባለቃሉ፤ የዳሎል የጨው እርከኖችም ይከተላሉ። ኖራ የሚባለው በእሳት የተቃጠለው ነው ለሚልም፣ «የኖራ ድንጋይ» የሚለው ስያሜ ሳይቃጠል በፊት ላለው ድንጋይ ከተለመደ ቆይቷል። «ደለል» የሚለው ቃል ግን አይስማማም፤ ደለል ውሃ እየገፋ ያመጣው አፈር ነው፣ ይህ ደግሞ ሟሙቶ የመጣ ነው።

ካልሲየምን የሚጠቁመውን «ኖራ» ከስሙ እንዳናወጣ የምወተውተው ለስያሜ ጥራት ብቻ አይደለም። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ፍሎራይድ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል፤ ካልሲየም በሌለበት ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ የብዙ ልጆች ጥርስ የሚበልዘውም፣ አጥንታቸው የሚጎዳውም ከዚህ ነው። ፍሎራይዱን ለመቀነስ ከተሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ውሃውን በከሰለ የከብት አጥንት ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ አጥንቱ ፍሎራይዱን የሚይዘው ምንጩ የነፈገው ካልሲየም ባለበት ማዕድኑ ነው።