ማርክ ትዌይንና የሰደርያው ማሰሪያ

የታሪክ መጽሐፍ ለትልልቅ ነገር ያደላል። የባቡሩን፣ የአውሮፕላኑን፣ የስልኩን ፈልሳፊ ስም የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ይሸመድዳል፤ ሱሪያችን ከወገባችን እንዳይወርድ ያደረገልንን ሰው ስም ግን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ጥያቄው ራሱ ያስቃል። ይሁንና እስቲ ለአንዲት ጧት ብቻ ዘለበት፣ ቁልፍና ላስቲክ ከከተማችን ተጠራርገው ጠፉ እንበል፤ ባለሥልጣኑም፣ መምህሩም፣ ወታደሩም በአንድ እጁ ሱሪውን ጨብጦ በሌላው ሰላምታ ሲሰጥ ይታያችሁ። "የናቁት ያስረግዛል" ይባል የለም?

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃና ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ዕቃው ልብስን የሚያጠብና የሚያላላ ማሰሪያ ነው። ሰውዬው ደግሞ "የቶም ሳውየር" እና "የሃክልቤሪ ፊን" አባት፣ ማርክ ትዌይን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ነው። ደራሲው እንደ መሐንዲስ ተቀምጦ፣ ንድፍ አውጥቶ፣ ለሰደርያና ለሱሪ የሚሆን ማሰሪያ በስሙ ማስመዝገቡን ስነግራቸው የሚቀልድ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ የአሜሪካ የፈጠራ መዝገብ ቁጥር 121,992 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ጌታ ያለው ሎሌ

እኛ "ዘለበት" ስንል ቀድሞ የሚታየን የወታደር ቀበቶና የበቅሎ ኮርቻ ማሰሪያ ነው። ፈረንጆቹም ስሙን ያገኙት ከወታደር ነው። የእንግሊዞቹ "በክል" እና የፈረንሳዮቹ "ቡክል" የመጡት ከላቲኑ "ቡኩላ" ሲሆን፣ ትርጉሙ "ትንሽ ጉንጭ" ማለት ነው። የሮማ ወታደር የራስ ቁሩን የሚያስረው በጉንጩ በኩል በነበረው ጠፍር ስለሆነ፣ ስሙ ከጉንጭ ተነሥቶ ወደ ወገብና ወደ ጫማ ወረደ።

ዘለበት ሲያዩት ቀላል ነው። ሥራው ግን የሦስት የማይስማሙ ጌቶች ሎሌ መሆን ነው። አንደኛው ጌታ "አጥብቀህ ያዝ" ይለዋል። ሁለተኛው "ባዘዝኩህ ጊዜ ቶሎ ልቀቅ" ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ "ጨርቁን እንዳትጎዳ" ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ባለ ምላሱ ዘለበት ከቆዳ ጋር ይስማማል፤ ቆዳ ቢበሳም አይተረተርም። ጨርቅ ግን ሲበሱት ይተረተራል። ስለዚህ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሰደርያና በሱሪ ጀርባ ላይ ጥርስ ያለው ዘለበት ይደረግ ነበር። እሱም በበኩሉ ጨርቁን እየነከሰ ይበላዋል፤ ሰውዬው ሲቀመጥም ወንበሩን ይቧጭራል። ምላስም ጥርስም የሌለው፣ መካከሉ ላይ ዘንግ ያለው ዘለበት፣ ማለትም ዛሬ በጡት መያዣና በቦርሳ ማንገቻ ላይ የምናየው ዓይነት፣ ማሰሪያውን የሚይዘው በማጠፍና በማፋተግ ብቻ ነው። ማሰሪያው በተሳበ ቁጥር ጨርቁ በራሱ ላይ ይጫናል፤ ፍትጊያውም ይበረታል። ጨርቁ አርጅቶ ሲልም ግን ፍትጊያው ይከዳዋል፤ መንሸራተት ይጀምራል። ሁለቱን ጌቶች ያስደሰተ፣ ሦስተኛውን ያስቀይማል።

በዚህ ላይ ላስቲክ መጣ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክ በ1820 የጎማ ጭረት በጓንት፣ በማንገቻና በመሰል ልብሶች ላይ የሚውልበትን ዘዴ አስመዘገበ። የዚያን ጊዜው ጎማ ግን በሙቀት የሚጣበቅ፣ በብርድ የሚደርቅ ነበር። ይህን ጠባዩን ያረቀለት አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ነው። ጎማን ከድኝ ጋር አዋሕዶ በእሳት የማብሰሉን ዘዴ በ1844 አስመዘገበ። ዓለምን በላስቲክ ያስታጠቀው ይህ ሰው በ1860 ሲሞት 200 ሺህ ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት። የፈልሳፊና የዕዳን ዝምድና ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የዘለበት ሠሪዎቹ አቤቱታ

ከዚያ በፊት ግን አንድ አሳዛኝ ወግ አለ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ የጨዋ ሰው ጫማ የሚታሰረው በክር ሳይሆን በዘለበት ነበር። ከብር፣ ከናስ፣ ከብረት የሚሠራው የጫማ ዘለበት በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃምና አካባቢዋ ያሉትን የእጅ ባለሙያዎች ቀጥ አድርጎ ያኖራቸው ነበር። በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ላይ የከተማ ጎረምሶች ጫማቸውን በክር ማሰር ጀመሩ። ክር ርካሽ ነው፤ እንደ ልብ ይጠብቃል፤ እንደ ልብ ይላላል። ሦስቱንም ጌቶች አስደሰተ ማለት ነው።

በ1791 የበርሚንግሃም፣ የዎልሳልና የዎልቨርሃምፕተን ዘለበት ሠሪዎች ለዌልሱ ልዑል አቤት አሉ። በክሩ ፋሽን የተነሣ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሥራ አጥቶ ተቸግሯል ሲሉ አመለከቱ። ልዑሉም አዘነላቸውና የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ዘለበት ያለው ጫማ እንዲያደርጉ አዘዘ። ትእዛዙ አልጠቀመም። ልዑል የሎሌዎቹን እግር ማዘዝ ይችላል፤ የከተማን እግር ግን ማን ያዘዋል?

እኔን ከዚህ ወግ ውስጥ የሚከነክነኝ እነዚያ ባለሙያዎች ሰነፎች አለመሆናቸው ነው። ዘለበታቸውን ሲያስጌጡ፣ ሲያቀልሉ፣ ሲያሻሽሉ ኖረዋል። የተሸነፉት በተሻለ ዘለበት ሳይሆን፣ ዘለበትን ጨርሶ በማያስፈልግ ነገር ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

አልጋ ላይ የተወለደ ፈጠራ

ወደ ማርክ ትዌይን እንመለስ። የእውነት ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ነው። በዘመኑ ሱሪ የሚያዘው በትከሻ ላይ በሚወጣ ማንገቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ማንገቻን አይወድም ነበር ይባላል። ለፈጠራ መሥሪያ ቤቱ በጻፈው መግለጫ እንዳስረዳው፣ ልብስን ከወገብ ላይ የሚይዝ አንዳች ማሰሪያ ለመሥራት አራት አምስት ዓመት ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቷል። በኦገስት ወር 1871 አንድ ጧት አልጋው ላይ እንደ ተጋደመ ነገሩ ትዝ አለው። ይህን ማሰሪያ ሳልፈለስፍ ከአልጋዬ አልነሣም ብሎ ወሰነ፤ እንዳለውም አደረገ። ልብሱን ሲለብስ ደግሞ ማሰሪያው የሚነቀልና የሚስተካከል መሆን እንዳለበት ታየው። ወዲያው ቁጭ ብሎ ንድፉን ሣለ፤ ለወንድሙ ለኦራየንም አሳየው።

ንድፉ እንዲህ ነው። ማሰሪያው ላስቲክ አለው። በሁለቱም ጫፉ ላይ የቁልፍ ቀዳዳዎች ተደርድረውበታል። በሰደርያው ወይም በሱሪው ላይ ቁልፎች ይተከላሉ። ማጥበቅ የፈለገ ወደ ውስጥ ባለው ቀዳዳ፣ ማላላት የፈለገ ወደ ጫፍ ባለው ይቆልፋል። ልብሱን ሲቀይር ማሰሪያውን ነቅሎ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ጨርቅ የሚነክስ ጥርስ የለውም፤ ወንበር የሚቧጭር ብረትም የለውም። ትዌይን በማመልከቻው ላይ የዚህ ማሰሪያ ጥቅም ማስረዳት የማያሻው ግልጽ ነገር ነው ብሎ ጻፈ።

በዚያው ሰሞን ግን የባልቲሞሩ ሄንሪ ሎክዉድ ተመሳሳይ ማሰሪያ ይዞ ቀረበ። መሥሪያ ቤቱም "ማን ቀደመ?" ብሎ ሁለቱን አከራከረ። ያ የአልጋው ታሪክ ለዛሬ የተረፈን በዚህ ክርክር ምክንያት ነው። ትዌይን ረታ፤ ዲሴምበር 19 ቀን 1871 የባለመብትነት ወረቀቱን ተቀበለ።

በዘመናችን አንዳንድ ጸሐፊዎች የጡት መያዣ ማያያዣ የተገኘው ከትዌይን ነው ይላሉ። ወሬው ጣፋጭ ነው፤ ግን ሰነዱ ስለ ሰደርያ፣ ስለ ሱሪና ማሰሪያ ስለሚፈልጉ ሌሎች ልብሶች እንጂ ስለ ጡት መያዣ አይናገርም። ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የተባለች የኒው ዮርክ ወይዘሮ የጡት መያዣዋን ያስመዘገበችው በ1914 ነው፤ ከትዌይን 43 ዓመት ዘግይታ ማለት ነው።

ያ "ግልጽ ጥቅም" ያለው ማሰሪያ ለባለቤቱ ሀብት አላመጣለትም። ለምን? መልሱ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊው

ሳሙኤል ክሌመንስ "ማርክ ትዌይን" የሚለውን የብዕር ስም ያወጣው በ1863 ኔቫዳ ውስጥ ጋዜጠኛ ሳለ ነው። በዚያችው ኔቫዳ፣ ሬኖ በምትባል ከተማ፣ ጃኮብ ዴቪስ የሚባል ከሪጋ የመጣ ስደተኛ ልብስ ሰፊ ነበር። ድንኳንና የፈረስ ልብስም ይሰፋል፤ የፈረስ ልብሱን ጠፍሮች የሚያያይዘው በመዳብ ብሎን መሰል ምስማር ነበር። በ1870 መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት መጥታ ለእንጨት ፈላጭ ባሏ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት አዘዘችው። ዋጋው 3 ዶላር ነው። ዴቪስ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን የመዳብ ምስማሮች አንሥቶ የኪሶቹን ጥግ መታበት። ሱሪው አልተቀደደም። ያየ ሁሉ "ለእኔም" እያለ መጣ።

ዴቪስ ሌሎች እንዳይቀዱበት ፈራ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ጨርቅ ለሚያቀርብለት ለሳን ፍራንሲስኮው ነጋዴ ለሌቪ ስትራውስ ጻፈለት። ሜይ 20 ቀን 1873 የባለመብትነት ወረቀቱ ወጣ። ዓለም ሁሉ የሚለብሰው ጂንስ ከዚህ ተነሣ።

አስተያዩአቸው። ዘመኑ አንድ ነው፤ ልብሱም አንድ፣ ሱሪ ነው። ትዌይን የፈለሰፈው አልጋው ላይ ሆኖ፣ ለራሱ ምቾት ነው። ዴቪስ የፈለሰፈው ሦስት ዶላሯን ይዛ በሩ ላይ ለቆመች ሴት ነው። አንዱ ጥቅሙ ማስረዳት አያሻውም አለ፤ ሌላው የሚያስረዳለት ደንበኛ ነበረው።

የሚያስቀው ደግሞ ያ የመጀመሪያው ጂንስ ከኋላው ማጥበቂያ ጠፍርና ዘለበት፣ ከላዩም የማንገቻ ቁልፍ የነበረው መሆኑ ነው። ትዌይን ሊያሸንፋቸው የፈለጋቸው እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። በ1922 ሱሪው ላይ የቀበቶ ማስገቢያ ተሰፋበት። በ1937 የማንገቻው ቁልፍ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረትና ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል የኋላው ዘለበትም ተነሣ። ማንገቻንም የኋላ ዘለበትንም ከሱሪ ላይ ያወረዳቸው የተሻለ ማሰሪያ አይደለም፤ ቀበቶና ጦርነት ናቸው። የበርሚንግሃሞች ዕጣ ተደገመ።

ማሻሻል ወዴት ያደርሳል?

ትዌይን ከማሰሪያው በኋላ ሁለት ፈጠራዎች አስመዝግቧል፤ በ1873 ገጾቹ ሙጫ የተቀቡ የቁራጭ ጽሑፎች ማኖሪያ ደብተር፣ በ1885 ደግሞ የታሪክ ዓመታትን ማስታወሻ ጨዋታ። ደብተሩ ተሸጠለት። በ1889 ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥም ወደ ንጉሥ አርተር ዘመን የተመለሰው ገጸ ባሕሪው ሥልጣን ሲይዝ መጀመሪያ የሚያቋቁመው የፈጠራ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ነው። ፍቅሩ ይህን ያህል ነበር።

ያው ፍቅር ጣለው። በልጅነቱ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል በእጁ ሲለቅም ያደገ ነውና፣ ጄምስ ፔጅ የተባለ ሰው ፊደል ለቃሚ መኪና እሠራለሁ ሲለው ከ1880 ጀምሮ ገንዘቡን ያፈስለት ጀመር። መኪናው 18 ሺህ ያህል ክፍልፋዮች ነበሩት። ሲሠራ ያስደንቃል፤ ግን ይሰበራል። ፔጅ ደግሞ "በቃ" ማለት አያውቅም፤ ሊሸጥ በደረሰ ቁጥር ፈትቶ ያሻሽለዋል። እሱ ሲያሻሽል የመርገንታለር ላይኖታይፕ በ1886 ጋዜጣ ቤት ገባና ገበያውን ወሰደው። በ1894 የትዌይን ማሳተሚያ ድርጅት ከሰረ።

የ59 ዓመቱ ደራሲ ዕዳውን ለመክፈል በ1895 ዓለምን እየዞረ ንግግር ያደርግ ጀመር፤ አውስትራሊያ፣ ሕንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። ጉዞውን ጨርሶ እንግሊዝ አገር ሳለ፣ በኦገስት 1896፣ አገር ቤት የቀረችው ልጁ ሱዚ በ24 ዓመቷ ሞተች። በ1898 ዕዳውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍሎ ጨረሰ። ሱዚን ግን የሚመልስ ክፍያ የለም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ማሻሻል በራሱ ጽድቅ አለመሆኑን ነው። የበርሚንግሃም ባለሙያ የሚፈልገው ሰው የቀረውን ዕቃ ሲያሻሽል ተራበ። ትዌይን ማንም ያልጠየቀውን ማሰሪያ አሻሻለ፤ ማሰሪያው ግን ግማሽ ቀን ብቻ ስለወሰደበት አልጎዳውም። ፔጅ ሰው የሚጠብቀውን መኪና ማሻሻሉን ማቆም አቅቶት ወዳጁን አስከሰረ። ዴቪስ ግን በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ሰማ፤ ሰፋ፤ ሸጠ።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ከትልልቁ ፈጠራ ጎን "አነስተኛ ፈጠራ" የሚል ክፍል አበጅቶ፣ ለእሱም የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ደንግጓል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ከቆርቆሮ ምድጃ፣ ከበርሜል ባልዲ የሚያወጣው የምናለሽ ተራ ባለሙያ ከፔጅ ይልቅ ለዴቪስ ይቀርባል፤ ደንበኛው ዘወትር ፊቱ ቆሞ ይነዘንዘዋልና። ንዝንዙ የሚያስመርር ቢሆንም፣ ማርክ ትዌይን ያጣው ሀብት እሱ ነበር።