ያልተሻገሩት ድንጋይ፣ የጣሱት ወሰን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወጋችን የእግር መንገድ ነው፤ አገሩ ደግሞ እንግሊዝ። ለንደንን እርሱት፤ ንጉሡንም ቤተ መንግሥቱንም ለጊዜው ተዉልኝ። ማንቸስተርና ሼፊልድ በሚባሉት ሁለት የፋብሪካ ከተሞች መካከል ፒክ ዲስትሪክት የሚሉት ኮረብታማ አገር አለ። ደቡቡ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ለምለም መስክና የበግ መንጋ ነው፤ ሰሜኑ ጥቁር ድንጋይ፣ ረግረግና ነፋስ። እዚያ ሁለት ወሰን አለ። አንደኛውን ሰዎች ሞት ከኋላ እየነዳቸው አልተሻገሩትም። ሁለተኛውን እስር ከፊት እየጠበቃቸው ጥሰውት አለፉ። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አንድ የባላባት ቤት ብቅ ይላል፤ ካቨንዲሽ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ።

መንገዳችንን ከስቶኒ ሚድልተን እንጀምር። ገደል ሥር የተሸጎጠች ትንሽ መንደር ናት። ከቤቶቹ ጀርባ ሽቅብ የምትወጣ ቀጭን የእግር መንገድ አለች። መሬቱ የገበሬ ነው፣ በጎቹም የገበሬው ናቸው፤ መንገዷ ግን የማንም አላፊ አግዳሚ ናት። በእንግሊዝ ሕግ አንድ ጊዜ የሕዝብ የእግር መንገድ ተብሎ የተመዘገበውን ባለመሬቱ በራሱ ፈቃድ ሊዘጋው አይችልም። እንጨት ላይ የተመታ ቢጫ ቀስት ይመራችኋል፤ በእግረኛ ካርታው ላይ ደግሞ በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ተሥሏል። ካቡ ጋ ስትደርሱ በር አትፈልጉ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ነው፤ መሐሉ ላይ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመው ጠባብ ክፍተት ይተዋሉ። ሰው በጎኑ ሾልኮ ያልፋል፤ በግ አያልፍም። ቦርጭ ያለውም ሰው ቢሆን ትንፋሹን ሰብስቦ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ወዲያ፣ በመስኩ መካከል፣ አንድ ድንጋይ ተኝቷል። ግዙፍ አይደለም፤ ካልነገሯችሁ ተቀምጣችሁበት ምሳችሁን በልታችሁ ትሄዳላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት ግን ጀርባው ላይ ስድስት ጉድጓዶች ተቆፍረውበታል። የጉድጓዶቹ አፍ ለስልሷል፤ የመንደር ልጆች በየትውልዱ ጣታቸውን እየከተቱ ሲጫወቱበት ስለኖሩ ነው ይላሉ። እኔም ጣቴን ከትቻለሁ። የዝናብ ውሃ ነበረበት። ድሮ ግን የሚሞላው ውሃ አልነበረም፤ ኮምጣጤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ጊዜው 1665 ነው፤ ጎንደር ላይ ዐፄ ፋሲል በዙፋናቸው ነበሩ። ለንደንን ቸነፈር ይፈጃታል። ከድንጋዩ ከፍ ብሎ ያለችው ኢም የተባለች መንደር ግን ከለንደን የብዙ ቀን መንገድ ርቃ ሰላሟን ታድራለች። እንግዲህ ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጥቅል ጨርቅ ይመጣለታል። ጨርቁ እርጥብ ነበርና ጆርጅ ቪካርስ የሚባለው ረዳቱ እሳት ዳር ዘረጋው ይባላል። በእጥፋቱ ውስጥ ቁንጫ ነበር። ቪካርስ ሴፕቴምበር 7 ቀን ተቀበረ። ከእሱ ቀጥሎ የቤቱ ልጆች፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት።

ብርዱ ሲበረታ በሽታው ጋብ አለ፤ በ1666 ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ተነሣ። ሰው ጓዙን መሸከፍ ጀመረ። ወዴት? ወደ ሼፊልድ፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ እግር ያመራው። ይህን ጊዜ ነው የደብሩ ቄስ ዊሊያም ሞምፔሰን “አትውጡ” ያለው። ሞምፔሰን ወጣት ነው፤ ከተሾመ ገና ሁለት ዓመቱ ገደማ ነው፤ ሕዝቡም አይወደውም። ሕዝቡ የሚወደው ከእሱ በፊት የነበረውን ቶማስ ስታንሊን ነው፤ ስታንሊ መንግሥት ያዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ አልቀበልም ብሎ ከሹመቱ የወረደ ሰው ነው። በዘመኑ ሁለቱ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ሰዎች አልነበሩም።

ሆኖም ሞምፔሰን ብቻውን እንደማይሰማ ስላወቀ ወደ ስታንሊ ሄደ። የእንግሊዝ መጻሕፍት ጀግናው ሞምፔሰን ነው ይላሉ፤ ለእኔ ግን ስታንሊ ይበልጥብኛል። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው መጥቶ እርዳኝ ሲለው “የእጅህን አገኘህ” ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ ከጎኑ ቆመ። ሞምፔሰን ደግሞ፣ እንነጋገር ከተባለ፣ መንደሩ ሳይዘጋ ሁለቱን ልጆቹን ወደ ውጭ ልኳል። አልፈርድበትም፤ ግን ይነገር። ሚስቱ ካትሪን ሂጂ ስትባል እምቢ ብላ ቀረች።

ሦስት ነገር ተስማሙ። ከወሰን አይወጣም፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይታፈግም፣ ጸሎቱ ካክሌት ደልፍ በሚባለው ሸለቆ ሜዳ ላይ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ ይሆናል፤ ሬሳ ወደ ደብሩ አይመጣም፣ እያንዳንዱ የራሱን ሟች በጓሮው ይቀብራል። ቻትስዎርዝ በሚባለው ግቢ የሚኖረው የዴቮንሸር ኧርል ካቨንዲሽ ደግሞ እንዳይራቡ ስንቅ ላከላቸው። የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች እህልና መድኃኒት እያመጡ ድንጋዩ ጋ ያስቀምጣሉ፤ የኢም ሰዎች ገንዘቡን ኮምጣጤ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ዕቃውን አንሥተው ይመለሳሉ። ስለ ተህዋስ የሚያውቅ አንድም ሰው ባልነበረበት ዘመን ሳንቲም በኮምጣጤ ማጠብን ማን እንደመከራቸው እንጃ።

አሁን ከመንደሩ በስተ ምሥራቅ ዳገቱን እንውጣ። በሜዳ መሐል በክብ ካብ የታጠረ ትንሽ የመቃብር ቦታ ታገኛላችሁ፤ የራይሊ መቃብሮች ይሉታል። ኤልዛቤጥ ሃንኮክ የምትባል እናት በ1666 ኦገስት ላይ በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን እዚህ ቀበረች። ብቻዋን። ዕድርተኛ የለ፣ ድንኳን የለ፣ “እግዜር ያጽናሽ” የሚል የለ። እያንዳንዳቸውን በጨርቅ አስራ እየጎተተች፣ መሬቱን ራሷ እየቆፈረች። የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ከማዶ ቆመው ያዩዋት ነበር ይባላል፤ አልቀረቡም። የተረፈላት ወንድ ልጅ ሼፊልድ ሙያ ይማር የነበረው ነው፤ በመጨረሻ ወደ እሱ ሄደች።

ታሪኩ ሁሉ ግን የጻድቃን ታሪክ አይምሰላችሁ። ማርሻል ሃው የሚባል ጉልበተኛ ነበረ። ታሞ ስለዳነ ዳግመኛ አይዘኝም ብሎ ቀባሪ የሌላቸውን ይቀብር ነበር፤ ደመወዙም የሟቹ ልብስና ዕቃ ነው። ነፍሱ ገና ያልወጣችውንም ሊጎትት መጣ እያሉ ያሙታል። የገዛ ሚስቱና ልጁም በቸነፈሩ አልቀዋል።

ካትሪን ሞምፔሰን በኦገስት መጨረሻ ሞተች፤ መቃብሯ ደብሩ ግቢ ውስጥ ዛሬም አለ። በኖቬምበር በሽታው ቆመ። የሟቾቹ ቁጥር በተለምዶ 260 ነው ይባላል። ሰዎቹን አንድ ላይ መዝጋቱ ለራሳቸው ሳይብስባቸው አልቀረም እያሉ ዛሬ የሚከራከሩ ምሁራን አሉ። ቸነፈሩ ግን ወደ ጎረቤት መንደሮች አልወጣም። ደብሩ አጠገብ ባሉት የድንጋይ ቤቶች ደጃፍ ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በዚህ ቤት እነ እገሌ ሞቱ ይላል፣ ስም በስም። ቤቶቹ ሙዚየም አይደሉም፤ ሰው ይኖርባቸዋል። ሰሌዳውን ስታነቡ ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ሰው ሻዩን ይጠጣ ይሆናልና አፍጥጣችሁ አትቁሙ።

እህስ፣ ሁለተኛው ወሰን? ለእሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ እንሻገር፤ ዘመኑንም 266 ዓመት ወደፊት እንግፋው። ኪንደር ስካውት የአካባቢው ከፍተኛው አምባ ነው፤ 636 ሜትር። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ቁመቱ አያስደንቅም፤ ንፋሱ ግን ሌላ ነው፤ ሲበረታ ከገደሉ የሚወርደውን ፏፏቴ ወደ ላይ መልሶ ይበትነዋል። በ1932 ይህ አምባ ዝግ ነበር። ቀድሞ የጋራ ግጦሽ የነበረው የእንግሊዝ መሬት በፓርላማ አዋጅ እየተከለለ በባለርስቶች እጅ ከገባ ቆይቷል፤ ኪንደር ላይ የሚኖረውም ግራውስ የሚሉት ቆቅ መሰል ወፍ ነበር፣ ጌቶች በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት መጥተው የሚተኩሱበት። በቀረው ጊዜ ዘበኛ ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል። የማንቸስተር የፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጭስ ውጦ እሑድ ያንን አምባ ከሩቅ ያየዋል።

ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ እሑድ፣ ሄይፊልድ ከምትባለው መንደር ጫፍ ባለ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ 400 ያህል ሰው ተሰበሰበ። የመራቸው ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት የማንቸስተር ወጣት ነው። ሸለቆውን ይዘው ወጡ፤ ዘበኞቹ ወረዱባቸው፤ ግብግብ ሆነ፤ አንድ ዘበኛ ተጎዳ። ወጣቶቹ ግን አምባው ላይ ወጥተው ከወዲያ በኩል ከመጡ የሼፊልድ ጓደኞቻቸው ጋር ተገናኙ። ሲመለሱ ሄይፊልድ ላይ ፖሊስ ይጠብቃቸው ነበር።

የሰው መሬት መርገጥ ብቻውን በጊዜው ሕግ ወንጀል አልነበረም። ስለዚህ የተከሰሱት በሁከትና በድብደባ ነው። ደርቢ ላይ ክሱን መርምሮ ያጸደቀው ጉባኤ በጦር መኮንኖችና በገጠር ባለርስቶች የተሞላ ነበር፤ ጄኔራል፣ ኮሎኔል፣ ሻለቃ፣ ሻምበል። አምስቱ ከ2 እስከ 6 ወር ተፈረደባቸው፤ ሮትማን 4 ወር። ነባሮቹ የእግረኞች ማኅበራት ሰልፉን አልደገፉም ነበር፤ በልመናና በድርድር የያዝነውን ጉዳይ ያበላሹብናል ብለው ፈርተዋል። ፍርዱ ሲሰማ ግን ያልደገፉትም ተቆጡ።

ሕጉ ቸኩሎ አልመጣም። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች አዋጅ ወጣ፤ በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በሜዳና በተራራ ላይ ከመንገድ ወጥቶ እንደልብ መሄድን የፈቀደው ሕግ የወጣው ግን በ2000 ነው፤ እሱም የሚሸፍነው ከእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በቀረው ላይ ዛሬም ከቀጭኗ መንገድ ፈቀቅ ማለት ክልክል ነው፤ ክርክሩም አልቆመም።

የኪንደር ባለቤት ማን ነበር መሰላችሁ? የዴቮንሸር ዱክ፤ ያው የካቨንዲሽ ቤት። ለኢም ሰዎች ከወሰናቸው እንዳይወጡ ስንቅ የላከው ኧርል ዘር በኋላ ወደ ዱክነት ከፍ ብሏል። በ2002 የሰልፉ 70ኛ ዓመት ሲከበር 11ኛው ዱክ ተገኝቶ አያቱ ስላደረጉት በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ቤኒ ሮትማን አልሰማም፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ዐርፏል።

መሄድ ያማረው እንዲህ ያድርግ። ከማንቸስተር ወደ ሼፊልድ በተራሮቹ መሐል የሚያልፈው ባቡር ኢዴል ላይ ይቆማል፤ ኪንደር ከጣቢያው ራስጌ ነው። ለኢም ደግሞ ግሪንድልፎርድ ወርዳችሁ በእግር ትወጣላችሁ። አምባው ላይ ጭጋግ ሲወርድ መንገድ ይጠፋልና ካርታና ኮምፓስ ያዙ፤ በስልክ ብቻ አትተማመኑ። ውሻ ያለው ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 በገመድ ይያዘው፤ ወፎቹ መሬት ላይ የሚፈለፍሉበት ወቅት ነው። ጫማችሁ እንኳ አይተርፍም፤ ጥቁሩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።