የከፋይ ቆብና የኒውፖርት ቤት

ራግቢ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ መክፈልን መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ እንደ ነውር ቈጥሮ የከለከለ ጨዋታ ስለ ነበረ፣ በጭቃ ላይ እየተንከባለለ ትከሻውን ለሚያስወልቅና ጥርሱን ለሚያስረግፍ ሰው ከገንዘብ በቀር ምን ዓይነት ዋጋ ይሰጠው የሚለው ጥያቄ ከጨዋታው ጋር አብሮ ተወልዶ አብሮት ያደገ ነው። የተገኘለትም የመጀመሪያ መልስ እጅግ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም አንዲት ቆብ ነበረች። ጨዋታው ስሙን የወረሰው በእንግሊዝ አገር በራግቢ ከተማ ካለው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዚያ ትምህርት ቤት በ1839 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የሟቹ ንጉሥ የዊልያም 4ኛ ባለቤት ንግሥት አደላይድ ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ፣ በርእሰ መምህሩ ቤት የሚያድሩት ልጆች ቀይ የከፋይ ቆብ ደፍተው በፊታቸው ተጫወቱ። ለንግሥቲቱ ክብር የተደፋው ቆብ ውሎ አድሮ የተጫዋቹ የራሱ ክብር ሆነ፤ ብቁ ነው የተባለው ይደፋዋል፣ ገና ነው የተባለው በምኞት ያየዋል።

ስኮትላንድና እንግሊዝ ማርች 27 ቀን 1871 በኤዲንብራ ከተማ፣ ሬበርን ፕሌስ በሚባለው ሜዳ፣ በየወገናቸው ሃያ ሃያ ሰው አሰልፈው በአገር ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጋጠሙና ስኮትላንድ ድል ካደረገች በኋላ ግን ቆቡ ከትምህርት ቤት ወደ አገር ተሻገረ። አሠራሩን ቀርቦ ላየው ሰው፣ ቆቡ ከከፋይ ተሰፍቶ፣ ስፌቱ በወርቅ ወይም በብር ክር ተከብቦ፣ ከአናቱ ዘርፍ ተንጠልጥሎለት፣ በግንባሩ ላይ ለእንግሊዙ ጽጌረዳ፣ ለስኮትላንዱ ኮሸሽላ፣ ለዌልሱ ሦስት የሰጎን ላባ የተጠለፈበት፣ ከጦር ሜዳ ይልቅ ለሕፃን ልደት የተዘጋጀ የሚመስል ነገር ነው። በልማዱ መሠረት ተጫዋቹ ቆቡን የሚቀበለው ለአገሩ በተሰለፈበት በመጀመሪያው ግጥሚያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ በየግጥሚያው የሚጨመረው በመዝገብ ላይ ያለው ቍጥር እንጂ ከፋዩ አይደለም። ደፍቶት የሚጫወትም የለም። በመስተዋት ሣጥን ገብቶ በሳሎን ግድግዳ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ልጅ መልካም ነው። ኑሮው የተደላደለው የደቡብ እንግሊዝ ጠበቃና ሐኪም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጫውቶ ሰኞ ወደ ሥራው ሲመለስ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም፤ የዮርክሻየርና የላንካሻየር የከሰል ቈፋሪና የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ግን ቅዳሜ ለመጫወት የግማሽ ቀን ደመወዙን ማጣት ነበረበት። የሰሜኑ ክለቦች ለዚህ ለጠፋው ሰዓት ካሳ ይከፈል ብለው ቢጠይቁ የእንግሊዝ ፌዴሬሽን አሻፈረኝ ስላለ፣ ኦገስት 29 ቀን 1895 በሀደርስፊልድ ከተማ በጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን የሰሜን ማኅበር መሠረቱ፤ ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ከዚህ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰሜኑ ማኅበር የተሻገረ ሁሉ እንደ ተወገዘ ሰው ተቈጠረ፤ ተመልሶ እንዳይጫወት፣ እንዳያሠለጥን ተከለከለ።

የክብርና የገንዘብ ወሰን የት ላይ እንደ ሆነ ራሳቸው ባለ ውግዘቶቹም አጥርተው እንዳላወቁት ያሳየው ግን በኒውፖርት ከተማ ሰው ላይ የደረሰው ነገር ነው። አርተር ጉልድ በ1864 ተወልዶ፣ በልጅነቱ ዛፍ መውጣት ስለሚወድ «ጦጣው» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ያደገ፣ በኋላም የዌልስ አምበል ሆኖ ወገኖቹ እንደ ንጉሥ የሚያዩት ተጫዋች ነበረ። ጃኑዋሪ 7 ቀን 1893 እንግሊዝን በካርዲፍ ለመግጠም በተቀጠረበት ዋዜማ ሜዳው በውርጭ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስለ ነበረ፣ ሌሊቱን በሙሉ ሳሩ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ የከሰል ምድጃዎች ሲነዱ አደሩ፤ በማግሥቱም ዌልሶች በጭስ በጠቈረው ሣር ላይ ከኋላ እየተከተሉ ሲጫወቱ ቈይተው በመጨረሻ የቅጣት ምት አገኙ። ጉልድ ኳሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ይመታ ብሎ ቢያዝዝም፣ መቺው ቢሊ ባንክሮፍት የአምበሉን ትእዛዝ ገሸሽ አድርጎ ኳሱን ከእጁ ጣለና ነጥሮ ሲነሣ መታው። ጉልድ በንዴት ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ ይባላል፤ ኳሱ ግን በምሰሶዎቹ መካከል ዐለፈና ዌልስ 12 ለ11 አሸነፈች። በዚያው ዓመት ሦስቱን ጎረቤቶቿን እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና አየርላንድን ለመጀመሪያ ጊዜ በተከታታይ ድል ነሣች፤ የክብሩም ግማሽ ለታዘዘው ሳይሆን ላልታዘዘው ሰው የሚገባ መሆኑን ኒውፖርቶች ብዙም አያነሡትም።

ጉልድ ሊሰናበት በተቃረበ ጊዜ ወዳጆቹ ከየሰዉ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ መታሰቢያ የሚሆን ገንዘብ ሰበሰቡ፤ መዋጮውም ከታሰበው በላይ ስለ ሞላ ቤት ገዝተው ሊሰጡት ቈረጡ። የአገሮቹ የጋራ ቦርድ ይህን በሰማ ጊዜ ቤትም ቢሆን ደመወዝ ነው ብሎ ስለ ፈረደ፣ ዌልሶች ተቈጥተው በ1897 መጀመሪያ ከቦርዱ ወጡ። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1897፣ በኒውፖርት ታላቅ ግብዣ ተደርጎ የቤቱ ሰነድ በይፋ በእጁ ተሰጠው። ስኮትላንዶች በዚያ ዓመትም ሆነ በሚቀጥለው ከዌልስ ጋር አንጋጠምም አሉ፤ አየርላንዶችም በ1897 አልመጡም፤ ስለዚህ ዌልስ በዚያ ዓመት ውድድር የገጠመችው እንግሊዝን ብቻ ሲሆን፣ ጉልድ ለ27ኛና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰለፈውም በዚሁ ግጥሚያ ነበረ። ጠቡ የበረደው በ1898 ዌልስ ወደ ቦርዱ ስትመለስና ጉልድም ከእንግዲህ በአገር ስም እንደማይጫወት ስምምነት ሲደረግ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ የእንግሊዝ ፌዴሬሽን የያዘው አቋም ፈገግ ያሰኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ለከሰል ቈፋሪ የግማሽ ቀን ደመወዝ ካሳ ይሰጠው ቢባል ክለቦቹን እስከ ማጣት የደረሰው ይኸው ፌዴሬሽን፣ ለጉልድ አንድ ሙሉ ቤት ሲሰጠው ጉዳዩ ልዩ ነው ብሎ ዐለፈው። ከርኅራኄ የመጣ አይመስለኝም፤ የዌልስ ክለቦች ተቀይመው ወደ ሰሜኑ ማኅበር እንዳይኮበልሉ ፈርቶ ነው እንጂ። ሥርዓቱ ለድኻው እንደ ቀኖና ጸንቶ ለታዋቂው እንደ ሰም መቅለጡ በራግቢ ብቻ የታየ አይደለም።

ለሞተ ሰው ግን ማንም አይከራከርም። በአየርላንድ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ኒውዚላንድ የተሻገረው ዴቭ ጋላኸር፣ በ1905 ወደ ብሪታንያ ዘምቶ ስሙን የተከለው ቡድን አምበል ነበረ። ኦክቶበር 4 ቀን 1917 በቤልጅግ ግንባር ወድቆ እዚያው ተቀበረ። በኦክላንድ የክለቦች ሻምፒዮና የሚሰጠው ጋሻ ከ1922 ጀምሮ፣ ኒውዚላንድና ፈረንሳይ የሚጋጠሙበት ዋንጫ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ በስሙ ተጠርቷል፤ በ2011 ሐውልቱ በኤደን ፓርክ ስታዲየም ደጃፍ ቆመ። ገንዘብ ሊያረክሰው የማይችል የክብር ዓይነት ይህ ብቻ ነበረ።

ከሁሉም በላይ የከበረው ሰው ደግሞ ክብሩን ሳያውቀው የሞተ ነው። ዊልያም ዌብ ኤሊስ የሚባል የራግቢ ተማሪ በ1823 ኳሱን በእጁ ይዞ በመሮጥ ጨዋታውን ፈጠረ የሚለው ትረካ መጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው ማቴዎስ ብሎክሳም በተባለ የከተማው የጥንት ነገር ተመራማሪ በ1876 ሲሆን፣ ብሎክሳም ራሱ ድርጊቱን በዓይኑ አላየም፤ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበረው ኤሊስም በ1872 በፈረንሳይ አገር በማንቶን ዐርፎ ተቀብሮ ነበረ። የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ነገሩን ያስመረመረው በ1895 ነው፤ ምስክርነት የሰጠው ደራሲው ቶማስ ሂውዝ ሳይቀር በእርሱ የተማሪነት ዘመን ስለ ኤሊስ የሚነገር ወሬ እንዳልነበረ ተናገረ። ዓመቱ የሀደርስፊልድ ስብሰባ የተደረገበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጨዋታው ከሠራተኛው ወገን እጅ ሲገባ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች አባቱ የእኛ ልጅ ነው ብለው የልደት ምስክር ማቅረባቸው ነበረ። ትረካው ከምርመራው በኋላም አልጠፋም፤ ከ1987 ጀምሮ የዓለም ዋንጫው የተሰየመው በኤሊስ ስም ነው።

በኦገስት 1995፣ ከሀደርስፊልዱ ስብሰባ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ዓለም አቀፉ ቦርድ በፓሪስ ተሰብስቦ ክፍያን ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ክብር የደመወዝ ምትክ መሆኑ ቀረና ራሱን ችሎ መቆም ስላለበት፣ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳኗን ስም በስንክሳር እንደምትጠብቅ ሁሉ የጨዋታውን ታላላቆች ስም የሚጠብቅ የዝና አዳራሽ አስፈለገ። በ1997 በኒውዚላንድ የተመሠረተው አዳራሽ ኮሊን ሚድስን፣ ጋሬዝ ኤድዋርድስንና ሰርዥ ብላንኮን የመሳሰሉትን መዘገበ፤ በ2006 ደግሞ ቦርዱ የራሱን ሲያቋቁም በመጀመሪያ ያስገባው ኤሊስንና ትምህርት ቤቱን ነው። ሁለቱ በ2014 ተዋሐዱ፤ ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ኒውዚላንድን በአምበልነት እየመራች በ1998፣ በ2002ና በ2006 የዓለምን ዋንጫ ያነሣችው ፋራ ፓልመር አንዷ ናት።

ከ2001 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት ከአዳራሹ ይልቅ ይበልጥ ያነጋግራል። የመጀመሪያው ተሸላሚ የአየርላንዱ ኪት ዉድ ነበረ፤ ኒውዚላንዳውያኑ ሪቺ ማኮውና ዳን ካርተር ሦስት ሦስት ጊዜ ወሰዱት። በዐሥራ አምስት ሰው የሚሠራን ሥራ ለአንድ ሰው ጽፎ መስጠት መቼም ከባድ ነው፤ ስለዚህም ዓይን የሚያየውና ጐል የሚያስቈጥረው ይመረጣል። ስክረም በሚባለው ግፊያ የፊተኛውን ረድፍ ግራና ቀኝ ይዘው የስምንት ሰው ክብደት በአንገታቸው ከሚሸከሙት መካከል እስከ 2024 ድረስ ይህን ሽልማት ያገኘ አንድም ሰው የለም።

አዳራሹ በ2016 በራግቢ ከተማ በሥነ ጥበብ ቤተ መዘክሩ ውስጥ ቋሚ ቦታ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ከተመዘገቡት መካከል አርተር ጉልድ ይገኝበታል። ቋሚ የተባለው ቦታ ግን ከ2021 አላለፈም።

የተወገዙት ወገኖችም በዚህ መካከል የራሳቸውን መዝገብ ከፍተው ነበረ። የብሪታንያ ራግቢ ሊግ የዝና አዳራሽ በ1988 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሰዎች አንዱ ቢሊ ቦስተን ሆነ። ቦስተን በካርዲፍ የባሕር ወደብ ሰፈር፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ መርከበኞች በሚኖሩበት መንደር የተወለደ ጥቁር ተጫዋች ሲሆን፣ ለተወለደበት ከተማ ክለብና ለዌልስ መጫወትን ቢመኝም ጥሪው ስላልደረሰው በ1953 ወደ ሰሜን፣ ወደ ዊጋን ሄዶ ለዚያ ክለብ 478 ጊዜ አስቈጠረ። ከዚያው ከተማ የወጣው ክላይቭ ሱሊቫንም ተከትሎት በ1972 የብሪታንያን ቡድን በአምበልነት መርቶ የዓለምን ዋንጫ አመጣ፤ በሀል ከተማ አውራ መንገድ በስሙ ይጠራል። ካርዲፍ ለሁለቱና ለቀዳሚያቸው ለገስ ሪዝማን በወደቡ አደባባይ የነሐስ ሐውልት ያቆመችላቸው በጁላይ 2023 ነው፤ ሱሊቫንና ሪዝማን ይህን ለማየት አልደረሱም። በጁን 2025 ቦስተን በ90 ዓመቱ ከንጉሡ እጅ የ«ሰር»ን ማዕረግ ተቀበለ፤ ከራግቢ ሊግ ተጫዋቾች መካከል ይህ ማዕረግ የተሰጠው እርሱ የመጀመሪያው ሰው ነው።