የውሻ ጠረንና የለመደ አፍንጫ

ውሻ የሰው ልጅ ጥንታዊ ወዳጅ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ወዳጅ በመስክ ሲሮጥና ሲቦርቅ ውሎ ወደ ቤት በተመለሰ ጊዜ ይዞት የሚገባው ጠረን ወዳጅነቱን የሚፈትንበት ቀን አለ። በዛሬው ንግግራችን በሰሜን አሜሪካ ከሁሉ የከፋ ስለ ሆነው የውሻ ጠረንና መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ ስላለፈው ረጅም ዘመን እናወሳለን። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ስሕተት በሰዎች ዘንድ እንዴት እንደሚሰነብትና እንዴት እንደሚታረም የሚያስረዳ ታሪክ ስለ ሆነ፥ በቤቱም ሆነ በጽሕፈት ቤቱ ለሚያስብ ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

በዚያ አገር ስካንክ የሚባል፥ ድመት የሚያህል፥ ጥቁር ጠጉር ለብሶ በጀርባው ላይ ነጭ መስመር የተሠመረበት እንስሳ አለ። በአገራችን ጥርኝን የሚያውቅ ሰው፥ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባድ እንደሚወጣ ያውቃል። ስካንክ የጥርኝ ወገን ባይሆንም፥ እርሱም ከጅራቱ ሥር ሁለት ዕጢዎች አሉት። ዝባድ ተመጥኖ ሲገባ ሽቶን ያሳምራል፤ የስካንክ ፈሳሽ ግን ጠላትን ማባረሪያ ነው። እንስሳው አስቀድሞ መሬቱን በእግሩ እየመታ፥ ጅራቱንም እያቆመ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን የናቀ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ቢቆም እንኳ አያመልጥም። ሰው ይህን ምልክት አይቶ ይሸሻል። ጨዋታ የያዘው ውሻ ግን አፍንጫውን አስቀድሞ ይቀርባልና ብዙ ጊዜ ፈሳሹን የሚቀበለው በፊቱ ነው።

ለዚህ መከራ አሜሪካውያን ብዙ ዘመን ሲያምኑበት የኖሩት መድኃኒት የቲማቲም ጭማቂ ነበር። ጭማቂው በጣሳ በጣሳ ይገዛል፤ ውሻው በገንዳ ውስጥ ቆሞ ከራሱ እስከ ጅራቱ ይታሻል፤ ባለቤቱም ጥቂት ቆይቶ ያሸትና ጠረኑ ጠፋ ብሎ ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ ገና ከደጃፍ ሳለ አፍንጫውን ይይዛል። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢባል፥ አፍንጫ አንድን ብርቱ ሽታ ሳያቋርጥ ባሸተተ ጊዜ ይለምደውና ለይቶ ማወቁን ይተዋል፤ አዲስ የመጣውን የቲማቲም ሽታ ግን ያውቃል። እንግዲህ ጠረኑ ከውሻው ላይ እንዳለ ሳለ፥ የደከመው የባለቤቱ አፍንጫ ነበር። ምስክሩ ቃሉን በቅን ልቡና ቢሰጥም፥ ቃሉ እውነት አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፥ ስሕተቱ የተራው ሕዝብ ብቻ እንዳይመስልህ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ቶማስ አልድሪች የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የስካንክን ፈሳሽ መርምሮ የጥናቱን ውጤት አሳተመ። ጠረኑ መርካፕታን ከሚባሉት፥ ድኝ ካለባቸው ውሕዶች የሚመጣ መሆኑን መግለጡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ ቡቲል መርካፕታን ነው ያለው ቃል ስሕተት ሆኖ ሳለ፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ 80 ዓመት ያህል ኖረ። በ1975 አንደርሰንና በርንስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ፈሳሹን እንደገና መርምረው፥ በውስጡ የሚገኙት የዚያ ውሕድ ዘመዶች የሆኑ ሌሎች የድኝ ውሕዶች መሆናቸውን አስታወቁ። በ1990 ደግሞ በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረው ዊልያም ውድ፥ ታዮአሲቴት የሚባሉ ውሕዶች በፈሳሹ ውስጥ መኖራቸውን ገለጠ። እነዚህ በራሳቸው ያን ያህል አይሸቱም፤ ውሃ ሲነካቸው ግን ቀስ በቀስ ወደ ብርቱዎቹ ይለወጣሉ። ጠረኑ ለቀቀው የተባለ ውሻ ከብዙ ቀን በኋላ ዝናብ ሲመታው እንደገና የሚሸተው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው በ1993 ነው። ፖል ክሬባም የተባለ በኢሊኖይ ግዛት የሚሠራ ኬሚስት፥ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በሥራው ላይ ለማጥፋት በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይጠቀም ነበር። የባልደረባው ድመት በስካንክ በተረጨች ጊዜ፥ ሁለቱም ሽታዎች ከድኝ የሚወለዱ ናቸውና ያው ዘዴ ለቆዳ እንዲስማማ ለዝቦ ለዚህም እንደሚሠራ አሰበ። አቀማመሙም ይህ ነው፤ አንድ ሊትር ያህል ጥንካሬው 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፥ አራት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ሳሙናው ቅባቱን ያላቅቃል፤ ሶዳው ሥራውን ያፋጥናል፤ ፐርኦክሳይዱም ለድኙ ኦክሲጂን ሰጥቶ ሽታ ወደሌለው ነገር ይለውጠዋል። አምስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ በውሃ ይታጠባል። ውሑዱ ዓይን እንዳይነካ መጠንቀቅ፥ በተዘጋ ጠርሙስም አለማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ኦክሲጂን እየለቀቀ ጠርሙሱን ይሰነጥቃልና። በዚሁ ጠባዩ የተነሣ ታሽጎ የሚሸጥ ሸቀጥ ሊሆን አልቻለም፤ አቀማመሙ በኬሚስትሪ መጽሔት ታትሞ ለሁሉ በነጻ ተዳረሰ።

በአዲስ አበባ ስካንክ የለም። ነገር ግን በክረምት ዝናብ ረጥቦ የሚገባ ውሻ በየቤታችን አለ። የእርሱም ጠረን በቆዳውና በጠጉሩ ላይ ከሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን የሚመጣ ሲሆን፥ ውሃው ሽታውን ወደ አየር ያነሣዋል። ሽቶ ብትረጭበት ሁለት ሽታ ታገኛለህ እንጂ የመጀመሪያው አይጠፋም። ይልቅስ ውሻውን በሚገባ አድርቀው፤ ለውሻ ቆዳ በተዘጋጀ ሳሙና እጠበው፤ የሚተኛበትንም ጨርቅ አብረህ እጠብ። ሥራህን ከፈጸምህ በኋላ ግን በራስህ አፍንጫ አትፍረድ። ከውጭ የገባ ጎረቤት ጠርተህ ጠይቀው፤ የሚልህም ነገር ደስ ባያሰኝህ አትቆጣው። በቤት ውስጥ የኖረ ሰው የቤቱን ሽታ አያውቅም፤ ከአንድ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰውም የመሥሪያ ቤቱን ጉድለት ሳያየው ሊቀር ይችላል። የቲማቲሙ ጭማቂ ያን ያህል ዘመን የተመሰገነው፥ ምስጋናው የመጣው ሽታውን ከለመዱት ዘንድ ስለ ነበር ነው።