የፈረስ ትዝታ፦ የአገው ፈረሰኞችና የጦርነት ቁስል



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ከመካከላችሁ ያላየ ጥቂት ነው። ያጌጡት ፈረሶች፣ ሽምጥ ግልቢያውና ጉግሱ ዓይን ስለሚማርኩ፣ በዓሉን እንደ ትርኢት ብቻ መመልከት ይቀናናል። እኔ ግን ዛሬ እንደ ታሪክ ሰነድ ላነበው እወዳለሁ፤ የሐዘን ሰነድ ነውና።

መነሻው ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር ፈረሱም ወድቋል። ጋላቢውን ይዞ እሳት ውስጥ ገብቶ ያልተመለሰውን እንስሳ ግን የመዘገበው የለም። ማኅበሩ የተቋቋመው ይህን ውለታ ለመዘከር እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም 1932 ዓ.ም. ነው።

ይህን ዓመት ልብ እንበለው። ከዓድዋ በኋላ 44 ዓመት አልፏል፤ አገሪቱ ግን በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ናት። በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ በዱር በገደል ይዋጋሉ። ደንግላ የሰፈረው የጠላት ጦር ለቆ የወጣው ገና በ1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሰዎቹ የድሉን ፈረሶች ያሰቡት በወረራው መካከል ነበር ማለት ነው።

አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን ከሥነ ልቡና ቁስል ማገገምን በሦስት ደረጃ ትከፍለዋለች፦ ደኅንነትን ማግኘት፣ አስታውሶ ማዘን፣ ከሰው ጋር መልሶ መተሳሰር። በ1932 ዓ.ም. የመጀመሪያው አልነበረም። የተቀሩትን ሁለቱን ግን ሰዎቹ በራሳቸው እጅ ጀመሩ።

ጉግስን ተመልከቱ። ሁለት ወገን ይሰለፋል፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል። የጦርነቱ መልክ በሙሉ አለ፤ መግደል ብቻ የለም። ሸሽቶ የነበረውም ተራው ደርሶ አሳዳጅ ይሆናል። በጦርነት የቆሰለ ሰው አስፈሪውን ትዝታ ያለ ፈቃዱ፣ ብቻውን፣ በሌሊት ያየዋል። በጉግስ ሜዳ ግን በፈቃዱ፣ በሥርዓት፣ በወዳጆቹ ፊት ይደግመዋል። የምናብ ኃይል እዚህ ላይ ነው።

በልጅነቴ የማውቃቸው አንድ የቀድሞ ዘማች ነበሩ። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ፈረሳቸውን ግላስ ሲያለብሱ ግን አንደበታቸው ይፈታል፤ የወደቁትን ጓደኞቻቸውን በየፈረሶቻቸው መልክ እየለዩ ያነሷቸዋል።

መተሳሰሩም እንዲሁ ነው። ፈረሰኞች በሠርግ ያጅባሉ፤ ለቅሶም ይደርሳሉ። ሐዘንተኛው ቤት በር ላይ የሚቆመው ፈረስ፣ ሟቹ የብዙዎች እንደነበር ይመሰክራል።

ዛሬም በክልላችን የጥይት ድምፅ ያልራቃቸው ቤቶች አሉ። በዓል ሰላምን አይተካም፤ ያንን ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን የ1932ቱ ሰዎች ለማዘንና ለማሰብ ሰላም እስኪመጣ አልጠበቁም። ኪነት ከፈውስ በኋላ የሚጨመር ጌጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ማኅበር ባልተወለደ ነበር።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ አደራዬ አንድ ነው። ወደየቀያችሁ ስትመለሱ አረጋውያኑን ስለ ጦርነቱ አትጠይቋቸው። ስለ ፈረሳቸው ጠይቋቸው፤ የቀረውን ራሳቸው ይነግሯችኋል።