ግዛትን እንደ ሱቅ

ጎጃም በረንዳ ሲነሣ አንባቢ የሚያስበው ከዓባይ ማዶ መጥቶ በመርካቶ የሰፈረውን ነጋዴ ይሆናል። ጎጃም ግን በቤተ መንግሥቱም ነጋዴ ነበረው። እኒያ ሰው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

አባታቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ራስ ኃይሉ እያደር አብዛኛውን ጎጃም ጠቀለሉ። ባለ ርስት፣ የጦር አለቃ፣ የፖለቲካ ሰው፤ ከሁሉ በላይ ግን ሒሳብ አዋቂ ነበሩ። በግዛታቸው ሹመት ዋጋ ነበረው፤ የግብሩም ቀንበር በገበሬው ላይ ይከብድ ነበር። በአዲስ አበባ ንግድም እጃቸውን አስገብተው ነበር።

በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ። ወዳጅነቱ ግን አልዘለቀም። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ግዞት ሲያመልጡ «እጅዎ አለበት» ተብለው ተከሰሱ። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ ነፃ የወጡት ራስ ለወራሪው አደሩ። ቂም ብቻ ነው ያሳደራቸው ማለት ግን አያጠግብም። ሥልጣንን ዕድሜውን ሙሉ በትርፍና በኪሳራ ለመዘነ ሰው፣ አዲሱ ገዥ አዲስ ደንበኛ ነው። በዚያው ጎጃም ከመሳፍንት ወገን ያልሆነው በላይ ዘለቀ ግን በዱር በገደሉ ጠላትን ይፋለም ነበር።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጅ ነሡ፤ ጎጃምንም ዳግመኛ አልገዙም። የገበያ ነጋዴ ሲከስር የራሱን ገንዘብ ያጣል። አገር የነገደ ገዥ ሲከስር ግን ዕዳው በሕዝብ ላይ ይወድቃል።