መርፌው ስንት ዓመቱ ነው?

ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ የሚውል ሰው አንገቱን ሳያመው አይቀርም። እኔም አላመለጥኩም። ባለፈው ክረምት ቀና ማለት ሲያቅተኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አኩፓንክቸር ሞክር እንጂ፤ አምስት ሺህ ዓመት የሠራ ነገር እኮ ነው» አለኝ። መርፌው አላስፈራኝም። ቁጥሩ ግን ከነከነኝ። ማን ቆጠረው?

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ቻይናውያን ሕክምናውን «ዠንጂዩ» ይሉታል። «ዠን» መርፌ ነው። «ጂዩ» ደግሞ በእሳት መተኮስ ነው፤ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል አድርቀው ገላ ላይ ወይም አጠገቡ ያጤሳሉ። በጃፓን ያገለገለው ሆላንዳዊ ሐኪም ቪለም ቴን ራይነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1683 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ መርፌንና መውጋትን ከሚገልጹ ሁለት የላቲን ቃላት «አኩፑንክቱራ» የሚለውን ስም ሠራ። እሳቱ ከስሙ ወጥቶ ቀረ።

የሚገርመው፣ እሳቱ ሳይቀድም አልቀረም። በ1973 ቻንግሻ ከተማ፣ ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 የተዘጋ መቃብር ተቆፈረ። ውስጡ ሐር ላይ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ተገኙ። በሰውነት ውስጥ የሚያልፉ አሥራ አንድ መስመሮችን ይዘረዝራሉ፤ መስመሮቹን መተኮስም ያዛሉ። በመርፌ ስለ መውጋት ግን አያነሱም። ካርታው ከመርፌው በፊት ነበር ማለት ነው።

መርፌው ጎልቶ የሚወጣው ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በተጠናቀረው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» ውስጥ ነው። ቢጫው ንጉሠ ነገሥት ይጠይቃል፣ ሐኪሙ ቺ ቦ ይመልሳል። መስመሮቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል፤ ከአሥራ ሁለት የቻይና ወንዞች ጋርም ይነጻጸራሉ። «ቺ» የሚባለው ኃይል ሲፈስ ጤና፣ ሲታገድ ሕመም። መርፌዎቹም ዘጠኝ ዓይነት ናቸው፤ መግል ማፍሰሻ ስለት ሳይቀር አለበት። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ የምናየው ቀጭን መርፌ ከዘጠኙ የአንዱ ዘር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ1027 ገደማ ዋንግ ዌይዪ የተባለ ሐኪም ለማስተማሪያ ሁለት የነሐስ ሰዎች አሠራ። ነጥቦቹ በሰም ተሸፍነው፣ ውስጡ ፈሳሽ ተሞልቶ ተማሪ ይፈተንበት ነበር ይባላል፤ በትክክል ከወጋ ፈሳሹ ይወጣል። በ1822 ግን የዳኦጓንግ ንጉሠ ነገሥት ሕክምናው በቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም እንዳይሰጥ ከለከለ። በ1930ዎቹ ቼንግ ዳንአን የተባለ ሐኪም ነጥቦቹን ከዘመናዊ አናቶሚ ጋር አስታርቆ መልሶ አዘጋጃቸው። በ1950ዎቹ የማኦ መንግሥት፣ ሐኪም እጅግ በጎደለበት አገር፣ አነሣውና በየቦታው አስፋፋው።

ወደ አሜሪካ የገባበት ወሬ ደግሞ ሌላ ነው። በ1971 የኒውዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ረስተን ቤጂንግ ውስጥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጣ። የተደነዘዘው በተለመደው መድኃኒት ነው፤ መርፌው የመጣው በኋላ፣ ሆዱን ሲጨንቀው ነው። ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር ግን «በመርፌ ብቻ አደንዝዘው ቀደዱት» ሆነ።

እንግዲህ «አምስት ሺህ ዓመት» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ተሰርዞ፣ ተስተካክሎ እንደገና የተጻፈ ነው። በእኛ ሙያ አሮጌ ኮድ ዛሬም መሥራቱ፣ የጻፈው ሰው የሰጠው ማብራሪያ ልክ ነው ማለት አይደለም። ማብራሪያው ስህተት ስለሆነም ኮዱ አይሰረዝም። ይፈተሻል።

ተፈትሿልም። በ2007 ጀርመን ውስጥ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 1,162 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይፋ ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት 47.6 በመቶው ተሻላቸው። ሆን ተብሎ ነጥቡ ተስቶ፣ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶው። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶው ብቻ። ሁለቱን ቁጥሮች አብረን እንያዝ፦ መርፌው ረድቷል፤ ካርታው ግን ብዙም ለውጥ አላመጣም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለአንገት ሕመም መሞከር አንድ ነገር ነው። በዕድሜው ተማምኖ፣ ሐኪም በጊዜ ሊይዘው የሚገባን በሽታ ለመርፌ ብቻ መተው ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ለባልደረባዬ «ቀጠሮ ያዝኩ» አልኩት።

«አምስት ሺህ ዓመቱ አሳመነህ አይደል?»

«አይ፤ ነጥቡን ቢስቱትም ግድ የለኝም።»